የሚፈስሱ ጠርሙሶችና ጣና ሐይቅ፦ ለሳይንስ ሲምፖዚየም የተዘጋጀ ጠረጴዛ የሥራ ማስታወሻ

ጥር፣ ሦስተኛው ሳምንት

በግንቦት ወር በዩኒቨርሲቲያችን የሚካሄደው የሳይንስ ሲምፖዚየም የዘንድሮ ርእሰ ጉዳይ ሞዴል በተለያዩ የሳይንስ ዘርፎች እንዲሆን ተወስኗል። ከጥናታዊ ጽሑፎቹ ሌላ እንግዶች እየነኩና እየሞከሩ የሚያዩት ነገር የሚቀርብበት አዳራሽ ስለሚኖር፣ የዚያን አዳራሽ ዋና ጠረጴዛ የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔና ለጥቂት ባልደረቦቼ ተሰጥቶናል። ይህን ማስታወሻ የምይዘው በየደረጃው የተወሰነውን ነገርና የተወሰነበትን ምክንያት ለሚቀጥለው አዘጋጅ ለማቆየት ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የየራሱን ሞዴል ይዞ እንዲቀርብ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ባዮሎጂ የዲኤንኤውን፣ ኬሚስትሪ የሞለኪዩሉን፣ ጂኦሎጂ የመሬት ንብርብሩን። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። እንዲህ ከሆነ እንግዳው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዘዋወረ የሚያምሩ ነገሮችን ያያል እንጂ፣ የመድኃኒት ባለሙያውና የሐይቅ ተመራማሪው በአንድ ዓይነት ቀመር እንደሚሠሩ ሳይረዳ ይወጣል። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ እንዲኖር ሐሳብ አቀረብኩ፦ ውሃ የሚገባበትና ውሃ የሚወጣበት ጠርሙስ። ሐይቅ ውስጥ ያለ ውሃም ሆነ ደም ውስጥ ያለ መድኃኒት፣ ዐለት ውስጥ ያለ ፖታስየምም ሆነ በአገር ኢኮኖሚ ውስጥ የሚዘዋወር ገንዘብ፣ ስለ ሁሉም የሚጠየቀው ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚለው ነው። ይህ የሒሳብ መዝገብ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ዘርፎቹ የሚለያዩት የሚወጣውን መጠን በሚወስነው ሕግ ነው፤ ከጠረጴዛው ጎልቶ መታየት ያለበትም ይኸው ሕግ ነው።

ሐሳቡ ቀድሞ የተፈተነ መሆኑን ለማስረዳት የቢል ፊሊፕስን ማሽን ጠቀስኩ። መሐንዲስ ሆኖ ወደ ኢኮኖሚክስ የተሻገረው ይህ ኒውዚላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ያሳየው ማሽን ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቀለም የገባበት ውሃ ብርሃን በሚያሳልፉ ቱቦዎችና ገንዳዎች ውስጥ እየተዘዋወረ ገቢን፣ ግብርን፣ ቁጠባንና ወጪን ያሳይ ነበር። ማሽኑ ለማሳያ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ቫልቮቹ ተስተካክለው ውሃው ሲረጋ በገንዳዎቹ ደረጃ የሚነበበው ቁጥር የቀመሮቹ መልስ ነበር። ኮሚቴው ሐሳቡን ተቀበለ።

የካቲት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ዛሬ የጠርሙሱ ዓይነት ተወሰነ። ተማሪዎቹ በየግቢው የሚገኘውን ተራ ሃይላንድ ሰብስበው አምጥተው ነበር፤ ነገር ግን ወገቡ የጠበበና ጎኑ የተሸበሸበ ስለሆነ፣ ደረጃው በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲወርድ የሚጎድለው የውሃ መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለእኛ የሚያስፈልገን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ዕቃ ነው። የለስላሳ መጠጥ ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ መካከለኛ ክፍሉ ቀጥ ያለና 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው በመሆኑ እሱን መረጥን። አንገቱ ተቆርጦ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ተለጠፈ፤ የማስመሪያው ዜሮም ከጠርሙሱ መቀመጫ ጋር ሳይሆን ውሃው ከሚወጣበት አፍ ጋር ትክክል እንዲሆን ተደረገ። ውሃውን የሚገፋው ከመውጫው አፍ በላይ ያለው ከፍታ እንጂ የጠርሙሱ ጥልቀት አይደለምና፣ ይህ ካልተጠበቀ የሚነበበው ቁጥር ሁሉ ትርጉም ያጣል።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ጎኑ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ብቻ አለው። እንዲህ ያለው ፍሰት ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው ሕግ ይገዛል፦ የሚወጣው ውሃ ፍጥነት ከላዩ ባለው ከፍታ ስኩዌር ሩት ልክ ይሆናል። የሁለተኛው ጠርሙስ መውጫ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው የግሉኮስ ቱቦ ነው። በዚህ ቀጭንና ረጅም ቱቦ ውስጥ ውሃው ሳይናወጥ በንብርብር ስለሚጓዝና ጉልበቱ በአብዛኛው የሚባክነው ከቱቦው ግድግዳ ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ስለሆነ፣ የሚወጣው መጠን በቀጥታ ከከፍታው ጋር ተመጣጣኝ ይሆናል።

የሦስተኛው አሠራር ረቀቅ ያለ ነው። ክዳኑ በሲሊኮን በደንብ ታሽጎ፣ በክዳኑ መሐል አንድ ቀጭን ስትሮ ወደ ታች እንዲገባ ተደርጓል። ውሃው በታችኛው ቀዳዳ ሲወጣ አየር የሚገባው በስትሮው ጫፍ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ጫፍ ላይ ያለው ግፊት ሁልጊዜ ከውጪው አየር ግፊት ጋር እኩል ይሆናል፤ በመሆኑም የውሃው ደረጃ ከስትሮው ጫፍ በላይ እስካለ ድረስ ጠርሙሱ ቢሞላም ቢጎድልም የሚወጣው መጠን አይለወጥም። ፈረንሳዊው ማርዮት በ17ኛው መቶ ዘመን ከተጠበበባቸው ነገሮች አንዱ ስለሆነ እስካሁን የማርዮት ጠርሙስ ይባላል። አረፋዎቹ ከስትሮው ጫፍ እየተነሡ ሲወጡ ማየቱ ብቻውን ተማሪዎቹን ለረጅም ጊዜ ከአጠገቡ አላንቀሳቅስ አለ።

የካቲት፣ ሁለተኛው ሳምንት

የልኬቱ ውጤት ለጠረጴዛው የሚበቃ ሆኗል። ባለ ቱቦው ጠርሙስ ከ16 ሴንቲ ሜትር ወደ 8 ለመውረድ ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከ8 ወደ 4 ለመውረድም ያንኑ ያህል፣ ከ4 ወደ 2 ለመውረድም ያንኑ ያህል። ግማሽ ዕድሜ የሚባለው ይህ ነው፤ ከየትኛውም ደረጃ ቢነሣ ለመጋመስ የሚወስደው ጊዜ አንድ ነው።

ባለ ቀዳዳው ፍጹም ሌላ ጠባይ አለው። ከ16 ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ የሚወስድበት ጊዜ ከ4 ወደ ዜሮ ለመውረድ ከሚወስድበት ጊዜ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የ16 ስኩዌር ሩት 4፣ የ4 ደግሞ 2 ነውና መንገዱ በስኩዌር ሩቱ ሲለካ እኩል ለሁለት ይከፈላል። እኛም የለካነው ለእያንዳንዱ ግማሽ ከሦስት ደቂቃ ጥቂት ያለፈ ጊዜ ነበር። መጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ግን ለሕጉ አይገዙም፤ የውሃው ደረጃ ከቀዳዳው ስፋት ጋር ሲቀራረብ ፍሰቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል፣ የውሃውም ገጽ ውጥረት ይይዘዋል። ይህን ከግራፉ ላይ ቆርጠን ለማውጣት ሐሳብ ቢቀርብም እንዲቆይ ወስኛለሁ። ሞዴሉ የት ላይ መሥራቱን እንደሚያቆም ማሳየት የሚሠራበትን ቦታ ከማሳየት ያላነሰ ዋጋ አለው።

አንድ ተማሪ ከሰዓት በኋላ የተወሰደው ልኬት ሁልጊዜ ከጠዋቱ እንደሚፈጥን አስተዋለ። ምክንያቱ የውሃው ሙቀት ነው። ቪስኮሲቲ የሚባለው የፈሳሽ ዝልግልግነት ውሃው ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በ20 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ባለ ቱቦው ጠርሙስ የሚፈስሰውም ይህን ዝልግልግነት እየተቋቋመ ስለሆነ በዚያው ልክ ይፈጥናል። ባለ ቀዳዳው ግን ይህን ያህል አይነካውም። ከዛሬ ጀምሮ በእያንዳንዱ የልኬት ሠንጠረዥ ላይ የውሃው ሙቀት አብሮ ይመዘገባል።

መጋቢት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

የፋርማሲ ባልደረባችን ተማሪዎቿን ይዛ መጣች። ለእርሷ ባለ ቱቦው ጠርሙስ አዲስ ነገር አይደለም፤ አብዛኛው መድኃኒት በተለመደው መጠን ሲወሰድ ከደም የሚወገደው በደም ውስጥ ካለው መጠን ጋር በተመጣጠነ ፍጥነት ስለሆነ፣ በየቀኑ የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ለማሳያ የመረጠችው ግን ክኒን ሳይሆን ቡና ነው። የካፌይን ግማሽ ዕድሜ በጤነኛ አዋቂ ሰው ውስጥ አምስት ሰዓት ያህል ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከተጠጣ ቡና የገባው ካፌይን ምሽት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ሩቡ በሰውነት ውስጥ ይገኛል። በእኛ ጠርሙስ ስምንት ደቂቃ አምስት ሰዓትን ስለሚተካ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው የአንድ ሰዓት ቆይታ ጠርሙሱ ላይ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ተማሪዎቹ ሦስቱን ሲኒ በቅደም ተከተል፣ አቦሉን አብዝተው በረካውን አሳንሰው ሲያፈስሱ፣ የመጀመሪያው ሳይጎድል ሁለተኛውና ሦስተኛው እየተደረቡበት ደረጃው ከፍ እያለ መሄዱ በግልጽ ታየ።

ከዚህ ይበልጥ የወደድኩት ግን መድኃኒት ለምን በሰዓቱ መወሰድ እንዳለበት የሚያሳየውን ሙከራ ነው። በየስምንት ደቂቃው ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚያህል ውሃ እንጨምራለን። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ የሚታየው ከፍታ 6፣ ቀጥሎ 9፣ ቀጥሎ 10.5፣ ቀጥሎ 11.25 እያለ ወደ 12 ይጠጋል እንጂ አያልፍም። ጭማሪው ሳይቋረጥ ደረጃው በራሱ ይረጋል። አንዱ ጭማሪ ሲዘለል ወዲያው ይወርድና ወደ ቀድሞው ለመመለስ ብዙ ዙር ይፈጅበታል። «እትዬ፣ ይህን ለሕመምተኛ ማሳየት ቢቻል እኮ ክኒን የሚዘልል አይኖርም ነበር» ያላት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጠረጴዛው ላይ ይህን ክፍል እንድታስረዳ ተመድባለች።

አልኮል በዚህ ሕግ አይሄድም። አልኮልን የሚያፈርሱት የጉበት ኢንዛይሞች በትንሽ መጠን እንኳ ስለሚጠግቡ፣ ሰውነት በየሰዓቱ የሚያስወግደው መጠን ብዙም ተጠጣ ጥቂት በአመዛኙ አንድ ነው። ይህ የማርዮት ጠርሙስ ነው። ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ብዙ የጠጣ ሰው ለምን ያን ያህል ረጅም ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት ያለ ብዙ ንግግር ይታያል።

መጋቢት፣ ሦስተኛው ሳምንት

የጂኦሎጂ ባልደረቦች ጠርሙሱን ገልብጠው አዩት። እነርሱ ጊዜውን ይዘው ደረጃውን አያሰሉም፤ ደረጃውን ለክተው ጊዜውን ያሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ሉሲ ወይም ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ የታወቀው አጥንቷ ተመርምሮ ሳይሆን፣ በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ዘዴ ተለክቶ ነው። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ አርጎን ጋዙ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን ፖታስየም 40 ከተባለው፣ በራሱ ጊዜ እየፈረሰ ከሚሄደው የፖታስየም ዓይነት የሚገኘው አርጎን በውስጡ ታምቆ ይቀራል።

የፖታስየም 40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ይህን በእኛ ጠርሙስ ስናሰላው፣ በ3.2 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከ16 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚወርደው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ያነሰ ሆነ! እንዲህ ያለውን ጉድለት በማስመሪያ ማንበብ አይቻልም። ነገር ግን ከመውጫው ሥር ባዶ ብልቃጥ ቢቀመጥ የተጠራቀመችውን ጠብታ በትክክል መመዘን ይቻላል። የጂኦሎጂ ባለሙያዎቹ የቀረውን ፖታስየም ብቻ ሳይሆን የተጠራቀመውን አርጎን ለመለካት ያን ያህል የሚደክሙት ስለዚህ ነው። ለዚህ ክፍል አንዲት ትንሽ ብልቃጥ በመውጫው ሥር እንዲቀመጥ ተደርጓል።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በፊት

በጠርሙስ የማይሠራ ሞዴልም አለ፤ ለዚህ ስፍራ መስጠት የግድ ነበር። ከርማክና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተሙት የወረርሽኝ ሞዴል ሕዝቡን ጤነኛ፣ ታማሚና ያገገመ ብሎ ለሦስት ይከፍላል። ከታማሚ ወደ ያገገመ የሚደረገው ጉዞ እንደ ባለ ቱቦው ጠርሙስ ነው። ከጤነኛ ወደ ታማሚ የሚደረገው ግን በአንድ ዕቃ ደረጃ አይወሰንም፤ ጤነኛውና ታማሚው በመገናኘታቸው፣ ማለትም በሁለቱ ብዛት ብዜት ይወሰናል። ይህን በስበት ብቻ የሚፈስስ ውሃ ሊያሳየው አይችልም።

ስለዚህ ቦሎቄ ገባ። አንድ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አብዛኛው ነጭ፣ ሁለት ፍሬ ብቻ ቀይ የሆነ መቶ ቦሎቄ ይከተታል። ተሳታፊው ወደ ከረጢቱ ሳያይ ሁለት ሁለት እያወጣ፣ ነጭና ቀይ ከተገናኙ ነጩን በቀይ ይተካና ሁለቱንም ይመልሳል፤ ከተወሰነ ዙር በኋላ ጥቂት ቀዮች ወጥተው በምትካቸው ሽምብራ ይገባል፤ ሽምብራው ያገገመው ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም የሚሆን አይመስልም፤ ከዚያ ቀዩ በድንገት ይበዛል፤ ከዚያም ገና ነጭ ፍሬ በከረጢቱ እያለ ራሱ ይከስማል። ወረርሽኝ የሚቆመው ሁሉም ሰው ከታመመ በኋላ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ነጮች ግን እንዳልሆነ ይመሰክራሉ። ሽምብራውን ቶሎ ቶሎ ሲያስገቡ ደግሞ ወረርሽኙ ጨርሶ አይነሣም። ወባን ትንኝ እንደሚያስተላልፍ ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስ፣ ትንኞችን አንድ ሳያስቀሩ ማጥፋት ሳያስፈልግ ከተወሰነ ወሰን በታች ማውረድ እንደሚበቃ በሒሳብ የተከራከረው ይህንኑ ወሰን ተመልክቶ ነው። ወባ በሚያሠቃየው አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ይህ የክፍል ውስጥ ጨዋታ አይደለም።

ሚያዝያ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደው የጣና ክፍል ነው፤ የጠረጴዛውም እምብርት እሱ እንዲሆን ፈልጌያለሁ።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፋት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት ሦስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ከ40 በላይ ወንዞችና ጅረቶች ቢገቡበትም፣ ከወንዝ ከሚመጣው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በዓመት 1.6 ሜትር ያህል ውሃ ከገጹ ይተንናል፤ ይህም ወደ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። በተፈጥሮ መውጫው በባሕር ዳር በኩል በዓባይ ይወጣ የነበረው ግን በዓመት 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ጣና ለፀሐይ የሚሰጠው ውሃ ለዓባይ ከሚሰጠው ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ስለዚህ አፉ የተከፈተና መውጫ የሌለው አንድ ጠርሙስ ሕንፃው ጣሪያ ላይ አስቀምጠው ከዕለት ወደ ዕለት እየጎደለ ሲሄድ በማስመሪያ እንዲመዘግቡ አደረግሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የጣና መውጫ ከየትኛው ጠርሙስ ጋር ይመሳሰላል የሚለው ነበር። ከአንዳቸውም ጋር አይመሳሰልም። ሐይቁ በተፈጥሮው የሚወጣው በዐለት ደፍ ላይ እየፈሰሰ ስለነበር፣ ደረጃው ሲጨምር ውሃው መፍጠኑ ብቻ ሳይሆን የሚያልፍበት አፍ ራሱ ይሰፋል። ለዚህ አራተኛ ጠርሙስ ተሠራ፤ ጎኑ ከዜሮው ወደ ላይ በቀጭኑ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ነው። አሁን አራቱን በአንድ ጥያቄ ማነጻጸር ተቻለ፦ ደረጃው እጥፍ ሲሆን የሚወጣው ስንት እጥፍ ይሆናል? በማርዮቱ አይለወጥም፤ በባለ ቀዳዳው 1.4፣ በባለ ቱቦው 2፣ በባለ ስንጥቁ 2.8 እጥፍ ይሆናል። ይህ ሠንጠረዥ በትልቁ ተጽፎ ከጠረጴዛው በላይ ይሰቀላል። በባለ ስንጥቁ ሕግ የሚሄድ ሐይቅ ክረምት ሲበረታ ትርፉን ቶሎ ያስወጣል፣ በጋ ሲሆን ደግሞ መውጫውን ራሱ ያጠባል፤ ስለዚህ ደረጃው ከልክ በላይ አይዋዥቅም።

የሒሳብ ባልደረባችን በኤክሴል ላይ በወር በወር የሚሄድ የሐይቁን የሒሳብ መዝገብ አዘጋጅቷል፦ ዝናብ ሲደመር የወንዝ ገቢ፣ ሲቀነስ ትነት፣ ሲቀነስ መውጫ። ከተፋሰሱ ሰፊው ክፍል በወንዝ መለኪያ ጣቢያ ያልተሸፈነ ስለሆነ የገቢው ቁጥር ከሁሉም ይልቅ አጠራጣሪ ነው፤ ይህም በሠንጠረዡ ራስጌ በግልጽ ተጽፏል። የመውጫውን ሕግ ለማስተካከል የተጠቀምነው በሐይቁ መውጫ ላይ ያለው ባለ በር የጨረጨራ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ልኬት ሲሆን፣ ከእነዚያም ውስጥ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሳንነካ ለፈተና አስቀርተናል። በዚህ ነጥብ ላይ ከባልደረባዬ ጋር ክርክር ገጥመን ነበር፤ እርሱ መረጃው ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም ለማስተካከያ እንጠቀምበት የሚል ሐሳብ ነበረው። እኔ ግን አንድ ሞዴል አስቀድሞ ያየውን ዓመት መልሶ ቢነግረን ምንም አልነገረንም በሚለው ጸናሁ፤ በመጨረሻም ተስማማን። ተደብቆ በቆየው ዓመት ላይ የሞዴሉ መስመር የክረምቱን አሞላልና የበጋውን አጎዳደል ተከትሎ ሄደ።

ከዚያ ወደ ፊት ቀጠልን። ጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩለት። በ2003 ሐይቁ እጅግ ከመውረዱ የተነሣ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። የእኛ ሞዴል ግን በዚያ ዓመት ሐይቁን ከትክክለኛው ደረጃ ከፍ አድርጎ አስቀመጠው። የዝናቡ ማነስ በሞዴሉ ውስጥ አለ፤ ያልነበረው የሰው ውሳኔ ነው። ደረጃው ሲወርድ መውጫው መጥበብ ሲገባው፣ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ውሃ ይፈልጉ ስለነበር በሮቹ ክፍት ሆነው ይቆዩ ነበር። ከ2010 ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በዋሻ በኩል ውሃውን ወደ ምዕራብ ስለሚወስድ፣ ሐይቁ ሁለተኛ መውጫ አግኝቷል።

ባልደረባዬ በሮቹን የሚተካ አንድ ቀመር ፈልገን እንጨምር አለ። ቁጥሮቹን እያጠማዘዙ መስመሩን ከልኬቱ ጋር ማገናኘት ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን አልፈቀድኩም። በሩ የሚከፈተው በፍላጎትና በትእዛዝ እንጂ በሐይቁ ደረጃ አይደለም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ቀመር ሳይሆን በሮቹ መቼና ምን ያህል እንደተከፈቱ የሚገልጽ መዝገብ ነው። ስለዚህ ግራፉ እንዳለ ይቀርባል፤ ሁለቱ መስመሮች ከሚለያዩበት ዓመት ላይ ቀይ ምልክት ይደረግበታል። ከጎኑም መውጫው በእጅ የሚጠብቅና የሚላላ፣ የግሉኮስ ቱቦው የራሱ መቆጣጠሪያ የተገጠመለት አምስተኛ ጠርሙስ ይቀመጣል፤ እንግዳው ራሱ በሩን ይዞ ሌላው ሰው ደረጃውን እንዲተነብይ ይጠየቃል።

ግንቦት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

የአየር ትንበያ እንዴት ይቅር የሚል ጥያቄ ስለተነሣ አጭር ክፍል ጨምረናል። ሁለት ባለ ቱቦ ጠርሙሶች አንዱ በ16፣ ሌላው በ14 ሴንቲ ሜትር ሲጀምሩ ልዩነታቸው በየስምንት ደቂቃው እየተጋመሰ ይጠፋል። ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1961 በኮምፒውተር በሠራው የአየር ሞዴል ላይ 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ ሲያስገባ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ኢምንቱ ልዩነት እያደገ ሄዶ ሁለቱ ትንበያዎች ጨርሶ የማይገናኙ ሆኑ። አንዱ ሥርዓት የመነሻ ስሕተትን ይረሳል፣ ሌላው ያባዛል። ሰው ስለ ሞዴል አስተማማኝነት በጅምላ ከመፍረዱ በፊት ሞዴሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቢጠይቅ እመርጣለሁ።

ግንቦት፣ የሲምፖዚየሙ ዕለት

አዳራሹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሞልቶ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ሰው የከበበው እንደ ገመትነው ባለ በሩን ጠርሙስ ነው። የመሰናዶ ተማሪዎች በሩን ለያዘው ጓደኛቸው «ዝጋው! ኧረ ዝጋው!» እያሉ ደረጃውን ለማዳን ሲጣጣሩ፣ ከታች ያለችውን ኃይል ማመንጫ የምትወክለዋን ትንሽ ጎማ እንድታሽከረክር የተመደበችው ልጅ ደግሞ ውሃ እንዲለቀቅላት ትጮህ ነበር። ማንም ሳያስረዳቸው ክርክሩ የሁለቱ ወገኖች የጥቅም ክርክር ሆነ። አንዱ ተማሪ ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ በሩን ሁልጊዜ ቢዘጉት ጣና ዝም ብሎ ይሞላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ትነቱ ሠንጠረዥ ወሰድኩት፤ ሐይቁ ሲሰፋ የሚተንነውም እንደሚጨምር፣ ውሃውም ከበሩ በላይ ሲደርስ በግድቡ አናት ላይ እንደሚፈስስ አብረን አሰላን።

ለእኔ ከዕለቱ ሁሉ የከበደውን አስተያየት የሰጡን ግን በወጣትነታቸው የሐይቁን ደረጃ በየዕለቱ እያነበቡ ይመዘግቡ የነበሩ አንድ አባት ናቸው። በግራፉ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ጠዋት የተነበበ ነው ወይስ ከሰዓት?» አሉኝ። አለማወቄን ስነግራቸው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ውሃው ወደ አንድ ዳር እንደሚገፋና በመለኪያው እንጨት ላይ የሚነበበው ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል፣ እርሳቸውም በዚህ ምክንያት ማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ያነቡ እንደነበር አስረዱኝ። «አባባ፣ ታዲያ ነፋስ በበዛበት ቀን ምን ያደርጉ ነበር?» ብላ የጠየቀቻቸው ተማሪ፣ ማዕበሉ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል ደጋግመው አይተው መካከሉን ይጽፉ እንደነበር ሰማች። የእኛ ሞዴል ሐይቁን ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሐይቁ ግን ያዘነብላል። በአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ በሚቆጠርበት ሐይቅ ላይ ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ግንቦት፣ ከሲምፖዚየሙ በኋላ

ሦስት ሥራዎች ቀርተዋል። የመጀመሪያው፣ የጨረጨራ በሮች የተከፈቱበትን መዝገብ ለማግኘት ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ መዝገቡ ከተገኘ ከ1996 ወዲህ ያለው ግራፍ በግምት ሳይሆን በተመዘገበው ልክ እንደገና ይሠራል። ሁለተኛው፣ በኤክሴሉ ላይ የንባብ ሰዓት የሚል ዓምድ ጨምሮ ሰዓታቸው የማይታወቁትን ልኬቶች በሌላ ቀለም መለየት ነው፤ ባልደረባዬ ይህን ከዛሬ ጀምሯል። ሦስተኛው፣ አምስቱ ጠርሙሶች፣ የቦሎቄው ከረጢትና የልኬት ሠንጠረዦቹ ለክረምቱ በውሰት ለጠየቀን አንድ የመሰናዶ ትምህርት ቤት መስጠት ነው። ቱቦዎቹ ከመሄዳቸው በፊት በንጹሕ ውሃ ታጥበው መድረቅ አለባቸው፤ ቀለሙ ውስጣቸው ከደረቀ ቱቦው ስለሚጠብ ስምንት ደቂቃ የነበረው ግማሽ ዕድሜ ይረዝማል፣ መምህራኑም ምክንያቱን ለማግኘት ይቸገራሉ። ይህንኑ በሣጥኑ ክዳን ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ።